ባልንጀራ ፍለጋ በጐንደር፤ ስለ ሙሴ ሌሪስ መጽሐፍ

ባልንጀራ የሚለው ቃላችን ባለ እንጀራ ከማለት የመጣ ነው፤ ይኸውም ከአንድ መሶብ የሚቈርስ ማለት ነው። ቋንቋ ያወቁ ሰዎች እንደ ነገሩኝ፥ ከላቲን በተወለዱት በፈረንጆች ቋንቋዎችም ጓደኛ የሚባልበት ስም እንጀራ መካፈልን ያመለክታል። ይህን ቃል አስቀድሜ ማንሣቴ፥ ዛሬ በከፊል የማመሰግነውን በከፊልም የምነቅፈውን መጽሐፍ የምመዝንበት ሚዛን እርሱ ስለ ሆነ ነው።

መጽሐፉን እንድፈልግ ያደረገችኝ አንዲት የመቐለ እናት ናት። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በምድራችን በሆነው ጦርነት ሁለት ልጆች ሞተውባታል። በሌሊት ወደ አንዲት ባለ ዛር ቤት ትሄዳለች ሲሉ ሰምቼ ነበርና፥ አንድ ቀን ከቅዳሴ በኋላ በዐጸደ ቤተ ክርስቲያን ከዛፍ ሥር ተቀምጣ ባገኛት ገሠጽኋት። እርሷም ቀና ሳትል፤ «መርጌታ፥ እዚያ ቤት የልጆቼን ስም ይጠይቁኛል፤ እስኪነጋም ከአጠገቤ የሚነሣ የለም። እናንተ ተዝካሩን በልታችሁ ወደየቤታችሁ ሄዳችሁ» አለችኝ። እኔ ቅኔ ስቈጥር ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ለአፌ ቃል ቸግሮኝ አያውቅም፤ በዚያ ቀን ግን የምመልስላት አጣሁ። ስለዚህ ያ ቤት ምን እንደ ሆነ፥ እሰጣለሁ የሚለውም ባልንጀራ ማን እንደ ሆነ አጥብቆ የመረመረ ሰው ካለ ጽሑፉን ልስማ ብዬ ተነሣሁ። እንግሊዝኛ የተማረ አንድ ወጣት ወዳጄ ነገሩን ቢሰማ፥ በማታ በማታ እየመጣ ይህን መጽሐፍ ይተረጕምልኝ ጀመር።

ሙሴ ሚሼል ሌሪስ በ1901 ተወልዶ በ1990 የሞተ ፈረንሳዊ ባለቅኔ ነው። (ስለ ፈረንጆች ነገር ስንናገር ዓመቱን በእነርሱ አቈጣጠር እናኖረዋለን።) በሙሴ ማርሴል ግሪዮል መሪነት የዳካርና የጅቡቲ ጉዞ የተባለው የተመራማሪዎች ጓድ በ1931 ከፈረንሳይ ተነሥቶ አፍሪቃን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ሲያቋርጥ፥ ሌሪስ የጓዱ ጸሓፊ ሆኖ ያየውንና ያሰበውን ዕለት ዕለት ይመዘግብ ነበር። በ1932 በክረምት መግቢያ ጐንደር ደርሰው አምስት ወር ያህል ተቀመጡ። በዚያም አባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ቋንቋውን እያስተረጐሙለትና የሚባለውን ሁሉ በአማርኛ እየጻፉለት፥ ወይዘሮ መልካም አያሁ የሚባሉትን የታወቁ የባለ ዛሮች አለቃ ቤት ያዘወትር ጀመር። መዝገቡ በ1934 በፓሪስ «ላፍሪክ ፋንቶም» ተብሎ ታተመ፤ ወደ ቋንቋችን ቢመለስ «አፍሪቃ ምትሐት» እንደ ማለት ነው። በ1941 የቪሺ መንግሥት አግዶት ነበር፤ በ2017 ደግሞ ወደ እንግሊዝኛ ተመልሷል።

አንባቢ ሆይ፥ በመጀመሪያ ይህ ሰው ምን አጥቶ እንደ መጣ ማወቅ ያስፈልጋል። በልጅነቱ ያደገበትን የካቶሊክ ሃይማኖት ትቶ ነበር። ሕልምን ከውን ከሚያስበልጡት፥ ሱሬያሊስት ከሚባሉት የፓሪስ ባለቅኔዎች ጋር ቈይቶ ከእነርሱም ተለይቶ ነበር። ከጉዞውም በፊት መንፈሱ ዕረፍት ስላጣ በፓሪስ ወደ አንድ የነፍስ ሐኪም ይመላለስ ነበር። እንግዲህ ወደ ጐንደር የመጣው በስም መርማሪ ሆኖ ነው፤ በልቡ ግን ከእርሱ ጋር የሚሆን፥ ከእርሱ የሚበልጥ፥ ብቻውን የማይተወው አንድ ነገር ይፈልግ ነበር። ይህንንም አልሸሸገም። በዛር የተያዙትን ከመመርመር እኔው ራሴ ብያዝ በወደድሁ የሚል አሳብ በመዝገቡ ውስጥ አኑሯል። መጽሐፉ ከብዙ የጉዞ መጻሕፍት የሚበልጠው በዚህ ነው። ሌላው ተጓዥ የሰውን ገመና ሲያወጣ የራሱን ይሰውራል፤ ሌሪስ ግን ቍጣውን፥ ምኞቱን፥ ስስቱንና ኀፍረቱን ከሌላው ሰው ነገር ጋር አንድ ላይ አስጥቶታል። እኛ ለንስሓ አባት በጆሮ የምንናገረውን እርሱ በአደባባይ ጻፈው። አለቃው ግሪዮል በዚህ ምክንያት ተቈጥቶበታል፤ እኔ ግን ለመጽሐፉ ትልቅ ዋጋ የምሰጠው በዚሁ ነው።

ያ ቤት እንዴት ያለ ነው? ሌሪስ እንደሚያሳየን፥ ዛሮቹ እንደ ሰው አገር አገር አላቸው፤ ጌታና ሎሌ፥ ክርስቲያንና እስላም፥ ደገኛና ቈለኛ ናቸው። የተያዘው ሰው የዛሩ ፈረስ ይባላል። ወይዘሮ መልካም አያሁ አንድ ጊዜ አባ ዮሴፍ የሚባለው መንፈሳዊ ዛር መጣ ተብሎ እንደ መነኵሴ ይባርካሉ፤ ቈይተው ደግሞ ሻንቂት የምትባለው ገረድ መጣች ተብሎ ሲያገለግሉና ሲቀልዱ ይታያሉ። በወጋቸውም ስለ ዛሮች ልደት የሚነገር ነገር አለ። ሔዋን ሠላሳ ልጆች ወልዳ ነበር፤ ፈጣሪ ሊያያቸው ቢመጣ እጅግ ያማሩትን ዐሥራ አምስቱን ሸሸገችበት፤ እንደ ተሸሸጉ ይቅሩ ቢባሉ ዛር ሆነው ቀሩ ይባላል። ይህ ነገር በመጽሐፍ ቅዱስ የለም፤ ሊቃውንትም አይቀበሉትም። ይሁን እንጂ ተረቱን ያወጣው ሰው ምን እንደ ተሰማው ስመለከት አዝናለሁ። ሰው በዓይኑ የማያያቸው ወንድሞችና እኅቶች እንዳሉት፥ እነርሱም በመለየታቸው እንደ ተቀየሙ አድርጎ አስቧልና። ቅኔ ቢሆን ኖሮ ሰሙ የዛር ልደት፥ ወርቁ የሰው ብቸኝነት ነው ባልሁ ነበር።

ሌሪስ ይህን ወርቅ ጥቂት ነክቶታል፤ ነገር ግን የግእዝ ትምህርት ስላልነበረው ከቃሉ ሥር አልደረሰም። ሰው ውቃቢዬ የሚለው ረዳት መንፈስ ስሙ የወጣው ዐቀበ ከሚለው ግሥ ነው፤ ጠበቀ ማለት ነው። እኛ ዐቃቤ መልአክ ብለን የምንጠራው ጠባቂ በስም ወንድሙ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። እንደዚሁም ባላገሩ ከዋርካ ወይም ከሾላ ሥር ቅቤ እየቀባ፥ ቡና እያፈሰሰ የሚለማመነው አድባር፥ ደብር ለሚለው ቃል ብዙ ነው፤ ተራሮች ማለት ነው፤ ደብር ደግሞ ዛሬ የቤተ ክርስቲያን ስም ነው። የዛሮቹ የሌሊት ጉባኤ ወዳጃ ይባላል፤ የአማርኛ ጆሮ ያለው ሁሉ ወዳጅን ይሰማበታል። ጠባቂና ደብር፥ ወዳጅም ብለው ስም ያወጡ ሰዎች ምን ይፈልጉ እንደ ነበረ ለመረዳት ሌላ ምስክር አያሻም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ወዳጄ ልቤ የሚለውን መጽሐፋቸውን ሲሰይሙ፥ ባልንጀራን በውስጥ ፈለጉ። የባለ ዛር ቤት ግን ባልንጀራው ከውጭ መጥቶ ትከሻ ላይ ይወጣል ይላል።

እዚህ ላይ ሚዛናችንን እናንሣ። ዛር ባልንጀራ ነውን? መብላት ይበላል፤ ዶሮው በጠጕሩ ቀለም ተመርጦ ይታረድለታል፤ ቡናው ይፈላለታል፤ ሽቱው ይረጭለታል። ሌሪስ ራሱ ለመሥዋዕት የሚሆን ከብት እንዲገዛ አድርጎ ከሥርዐቱ ገብቷል፤ ጓዶቹም ፎቶግራፍ አንሥተዋል። ነገር ግን ዛሩ ማንን ያበላል? የሚበላ እንጂ የሚያካፍል አይደለም። ባልንጀራ አብሮ የሚቀመጥ ነው፤ ዛር ግን ይጋልባል። እነርሱ ራሳቸው ሰውዬውን ፈረስ ብለው ሲጠሩት ነገሩን በቀጥታ ተናግረውታል፤ ፈረስ ለጌታው ባልንጀራው አይደለም። ሌሪስ ይህን ሳያስተውል አምስት ወር ሙሉ እኔስ መቼ እጋለባለሁ እያለ መጠበቁ ለእኔ የመጽሐፉ ትልቁ ኀዘን ነው።

የምነቅፍበት ሁለተኛው ነገር ስለ ገንዘብ የጻፈው ነው። ስጦታና ውለታ በተጠየቀ ቍጥር ልቡ ይቀዘቅዛል፤ እንደ ከረጢት ይቈጥሩኛል፥ ፍቅራቸው ለብሬ ነው እያለ ያዝናል። ይህ ግን ከእንግዳ የማይጠበቅ ነገር ነው። ቡና ያለ ቡና ፍሬ አይፈላም። በአገራችን ወዳጅነት በመስጠትና በመቀበል ይጸናል፤ ባዶ እጁን የሚመላለስ ሰው ወዳጅ አይባልም። ፈረንሳዊው ንጹሕ መንፈስ ያለ ዋጋ እንዲገለጥለት ፈለገ፤ ሴቶቹ ግን እንጀራ መጋገር ነበረባቸው። ከዚህም በላይ የእርሱ ጓድ በገንዘብና በሥልጣን የመጣ ጓድ መሆኑን ሲያስብ በሌላው ገጽ ያፍራል፤ በዚህኛው ገጽ ግን ይረሳዋል። ደራሲ ያየውን በሚረሳበት ስፍራ ጽሑፉ ይደክማል።

ጕዳዩ ከዚህ ይልቅ የሚከብድ ሌላ ነገር አለ። የዚሁ የግሪዮል ጓድ በጐንደር ሳለ በአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የነበሩትን ጥንታውያን ሥዕሎች አንሥቶ ወደ ፓሪስ ወሰደ፤ በምትካቸውም የጓዱ ሠዓሊ ሙሴ ጋስቶን ሉዊ ሩ የሣላቸውን ግልባጮች ለጠፈ። ሥዕሎቹ በፓሪስ በኬ ብራንሊ ቤተ መዘክር ይገኛሉ። ታሪኩን የሚያውቅ ካህን ይህን ሲሰማ ዝም ሊል አይችልም። አባ እንጦንስ ማን ነው? አባ አትናቴዎስ ገድሉን እንደ ጻፈለት፥ በበረሓ ብቻውን ሲኖር አጋንንት በአራዊት መልክ፥ በሴት መልክ፥ በወዳጅ መልክ እየመጡ አብረን እንሁን ሲሉት እምቢ ያለ አባት ነው። እንግዲህ አንዱ ጓድ በአንድ ክረምት፥ በአንድ ከተማ፥ በአንድ እጁ መንፈስ ይምጣልኝ እያለ ከበሮ ያስመታ ነበር፤ በሁለተኛው እጁ ከመንፈስ ጋር የተዋጋውን የጻድቁን ቤት ሥዕል ከግድግዳ ይልጥ ነበር። ሌሪስ ስለ ሥዕሎቹ መነሣት ጽፏል፤ አልደበቀም። ሁለቱን ነገር ግን አንድ ላይ አላነበባቸውም። ባለቅኔ ሆኖ ሳለ እንዲህ ያለ ሰምና ወርቅ በእጁ ወድቆለት ሳያነሣው ማለፉ ይገርመኛል።

በ1958 ሌሪስ ሌላ መጽሐፍ አወጣ፤ ይኸውም በጐንደር ሰዎች ዘንድ በዛር መያዝ ከትያትር ጋር ስላለው መልክ የሚናገር ነው። ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ ሰውዬው ረግቷል። ዛር የያዘው ሰው አያታልልም፥ ሙሉ በሙሉም አልጠፋም፤ ትያትሩን ይኖረዋል እንጂ ብቻ አይጫወተውም ይላል። ዛሮቹንም ሰው እንደ ጊዜው አውጥቶ እንደሚለብሳቸው ልብሶች ይመስላቸዋል። አሳቡ ጥሩ ነው፤ ምናልባትም ከሁለቱ መጻሕፍት ለዕውቀት የሚበጀው ይኸኛው ነው። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ቅኔ የሚዘርፍ ሰው በማሕሌት ቆሞ ያልተዘጋጀበት ቃል ሲፈስለት፥ ሕዝቡ ምን ወረደለት ይላል። ሆኖም ባለቅኔው መወድሱን ጨርሶ ሲቀመጥ የተናገረው ሁሉ በስሙ ይቈጠርለታል፤ ስሕተት ቢገኝበት መምህሩ እርሱን ይጠይቀዋል እንጂ ሌላውን አይጠይቅም። የዛር ፈረስ ግን ሲነቃ አላውቅም ይላል። ያዘነችው እናት ኀዘኗን በሌላ አፍ ተናግራ፥ በነጋ ጊዜ የተናገረችውን ካላወቀችው፥ የሰማላት ማን ነው? በሁለቱም የሌሪስ መጻሕፍት የዚህን መልስ አላገኘሁም።

ከዚህ በኋላ ወደ ራሳችን ቤት መመለስ ግዴታ ነው፤ ፈረንጁን ብቻ ነቅፎ መቀመጥ ደግ አይደለምና። አገራችን በሐዲስ ኪዳን ከመወለዷ በፊት ምድሩንና ሰማዩን ታመልክ ነበር። ንጉሥ ዒዛና ቀድሞ ባስቀረጻቸው ድንጋዮች መሕረምን አባቴ ይላል፥ አስተርን፥ ብሔርንና ምድርን ይጠራል፤ በኋላ ባስቀረጸው ግን ድሉን ያገኘሁት በሰማይ አምላክ ኀይል ነው ይላል። ከመቐለ ብዙም ሳይርቅ በውቅሮ አጠገብ በመቃብር ጋዕዋ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከሁለት ሺህ አምስት መቶ ዓመት በላይ የቈየ የአልመቃህ መሠዊያ ከነጽሕፈቱ ከመሬት ወጥቷል። ያንን ድንጋይ ያየሁ ዕለት፥ ደሙ የሚፈስበትን ቦይ እያየሁ፥ እነዚህስ ማንን ይጠብቁ ነበር ብዬ አሰብሁ። ሃይማኖት ሲለወጥ ዛፉና ተራራው ከስፍራው አይነሣም። ብዙው ደብራችን በተራራ ራስ፥ በጥንት ዛፍ መካከል ነው። ተፈጥሮን ከባልንጀርነት አላወጣነውም። ማሕሌታይ ያሬድ ትምህርት ከብዶት በሸሸ ጊዜ ያስተማረው ከዛፍ ግንድ እየወደቀ ደግሞ የሚወጣ ትል ነው፤ ዜማውንም የሰጡት ወፎች ናቸው ይባላል። አቡነ አረጋዊን ወደ ደብረ ዳሞ ያወጣው ዘንዶ ነው። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በዝቋላ ከስድሳ አንበሳና ከስድሳ ነብር ጋር ይኖሩ ነበር። ልብ ብሎ ለተመለከተው፥ ትሉ ያሬድን አልጋለበውም፤ ዘንዶውም ጻድቁን አውጥቶ ተመለሰ። ፍጥረት ሥራውን ሠርቶ ሰውን ለራሱ ለሰውዬው ይተውለታል።

እኔም በተማሪ ቤት ሳለሁ ቅኔ ለመቍጠር ብቻዬን ጫካ እገባ ነበር። የቅኔ ተማሪ የነበረ ሁሉ ያን ሰዓት ያውቀዋል፤ ቤቱ አልመታ ሲል ዛፉን እያነጋገሩ መሄድ አለ፤ ጕባኤ ቃናው ድንገት ሲገጥም ደግሞ ከአጠገቤ ሰው አለን ብሎ ዘወር ማለት አለ። በዚያ ዕድሜ ጓዶቼ አእምሮ ይከፍታል እያሉ አብሾ ይጠጡ ነበር። ከመካከላችንም ክታብ እየጻፈ፥ የመናፍስት ስም እየደረደረ ገንዘብ የሚበላ ደብተራ አልታጣም። ታዲያ በማታ ስመ አጋንንት የሚጽፍ እጅ፥ በጧት ወደ ባለ ዛር ቤት የሄደችውን ባልቴት በምን ፊት ይገሥጻታል? ሌሪስ ይህን ክፍል ጥቂት አይቶታል፤ ጠልቆ ቢመረምረው ኖሮ በጐንደር በካህኑና በባለ ዛሩ መካከል ያለው አጥር እርሱ ካሰበው ይልቅ ዝቅ ያለ መሆኑን ባገኘ ነበር።

አሜሪካዊው ሳይመን ሜሲንግ በ1958 ባሳተመው ጽሑፍ፥ የዛር ጉባኤ ለታመሙትና ለተዋረዱት፥ ይልቁንም ለሴቶች፥ እንደ ሕክምና ማኅበር ሆኖ እንደሚያገለግል ያስረዳል። ይህ ጽሑፍ ስለ መንፈሱ ብዙ አያወራም፤ በዙሪያ ስለ ተቀመጡት ሰዎች ግን ሌሪስ ያልነገረንን ይነግረናል። ለእኔም ያች እናት የተናገረችው ነገር የገባኝ ከዚህ ወዲህ ነው። ስሙን የሚጠይቁት፥ እስኪነጋ የሚቀመጡት፥ ቡናውን የሚያቀብሉት ሴቶች ናቸው። እንጀራ የተካፈለቻቸው እነርሱ ናቸው፤ ምስጋናውን ግን ዛሩ ወሰደው። (ሁሉን በአንድ ከረጢት መክተት ግን አይገባም። በሆራ አርሰዲ ዳር ለምለም ሣር ይዞ ዋቃን የሚያመሰግነው የኦሮሞ ዋቄፈና አንድ ፈጣሪን ያምናል፤ ለሰው ሁሉ አያና አለው ሲልም የራሱ ትርጓሜ አለው። ስለ እርሱ ሊጽፍ የሚገባው ከውስጡ ያደገ ሰው ነው።)

ሌሪስን ከአለቃው ከግሪዮል ጋር ማስተያየትም ይጠቅማል። ግሪዮል በ1946 በዶጎን አገር ኦጎተሜሊ ከሚባል ዐይነ ስውር ሽማግሌ አዳኝ ጋር ሠላሳ ሦስት ቀን ተቀምጦ ስለ ውሃው፥ ስለ ምድሩና ስለ እህሉ የሚያምኑትን ሰማ፤ በ1948ም መጽሐፍ አደረገው። በዚያ መጽሐፍ ሽማግሌው ይናገራል፥ ፈረንጁ ይሰማል። በሌሪስ መጽሐፍ ግን ፈረንጁ ስለ ራሱ ይናገራል፥ ወይዘሮ መልካም አያሁ በመስኮት እንደሚታይ ሰው አልፎ አልፎ ብቅ ይላሉ። እኔ የሌሪስን ቅንነት ከግሪዮል ጸጥታ አብልጬ እወዳለሁ። ሆኖም አምስት ወር ሙሉ አጠገባቸው ተቀምጦ፥ እርስዎስ ይህን ቤት ከመክፈትዎ በፊት ማን ሞተብዎት ብሎ አጥብቆ ሲጠይቃቸው ብሰማ እወድ ነበር። የእኛይቱን እናት ዛሮቹ ዘንድ የወሰዳት ይህ ጥያቄ ነውና።

የመጨረሻው ቅሬታዬ ስለ ቋንቋ ነው። በዚያ ቤት የሚባለው ግጥምና ፉከራ ሁሉ በአማርኛ ነበረ፤ ዛሮቹም ቃሉን የሚለዋውጡበት የራሳቸው ንግግር አላቸው፤ ስለዚህም ሊቁ ቮልፍ ሌስላው በ1949 ጽፎበታል። እኛ ግን በፈረንሳይኛ የተጻፈውን በእንግሊዝኛ፥ በእንግሊዝኛ የተመለሰውንም በወዳጄ አፍ በአማርኛ እንሰማለን። ሦስት ጊዜ የተገለበጠ ግጥም ሰሙ ይመጣ እንደ ሆነ እንጂ ወርቁ በየመንገዱ ይንጠባጠባል። ወዳጄ አንዱን የሴቶች ዝማሬ ሲተረጕምልኝ ሁለት ጊዜ አስቁሜ፥ ይህ ቃል በአማርኛ ምን ነበር? ብዬ ጠየቅሁት፤ ሊያውቅ አይችልም። አባ ጀሮም በእጃቸው የጻፉት አማርኛ በፊደላችን ታትሞ ከቅኔ መምህራን ፊት ቢቀርብ፥ የትኛው ቃል ከዳዊት ተወስዶ እንደ ገባ፥ የትኛው ከሙሾ፥ የትኛው ከቀረርቶ እንደ መጣ በአንድ ቀን እንለየው ነበር። መጽሐፉን ለወዳጄ ከመመለሴ በፊት ለዚያች እናት ስለ ወይዘሮ መልካም አያሁ ጥቂት ነገርኋት። እርሷም ብዙ ዝም ካለች በኋላ፥ «ልጅ ነበራቸው?» ብላ ጠየቀችኝ።